ሜርሲ የሄደበት መንገድ

ቴህራን ውስጥ ከታክሲ የሚወርድ ተሳፋሪ ሒሳቡን ከፍሎ ለሹፌሩ «ሜርሲ» ይለዋል። ሶፊያ ውስጥ ዳቦ የገዛች ሴት፣ ቡካሬስት ውስጥ መንገድ ጠይቆ የተነገረው ወጣት፣ የሬቫን ውስጥ ቡና የቀረበለት እንግዳ፣ ቤይሩትና ካይሮ ውስጥ ከፀጉር ቤት የምትወጣ ደንበኛ፣ በርን ውስጥ ቲኬቱን የሚቀበል መንገደኛ፣ ሁሉም ይህንኑ ቃል ሲናገሩ ይሰማሉ። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ፈረንሳይኛ አይናገሩም፤ ብዙዎቹም ቃሉን ከአፋቸው ሲያወጡ የፈረንሳዮች የምስጋና ቃል መሆኑን አያስቡትም። ሰው ከውጭ ዕቃ ሲያስገባ የዕቃውን ስም አብሮ ቢያስገባ አያስገርምም፤ እኛም አምፑሉን ከነስሙ ተቀብለነዋል። ምስጋና ግን ከውጭ የሚገባ ዕቃ አይደለም፤ የሌለው ሕዝብም የለም። ታዲያ ሰው በቤቱ ሞልቶ የተረፈውን ነገር ከጎረቤት የሚዋሰው ለምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ በልቤ ያደረው በቨርጂኒያ አብሮኝ ይሠራ በነበረ አንድ የቴህራን ሰው ምክንያት ነው። ከእናቱ ጋር በስልክ ሲነጋገር «ሜርሲ፣ ሜርሲ» እያለ ሲሰናበታት ደጋግሜ ሰምቼ፣ እናቱ ፈረንሳይኛ ተምረው እንደሆነ ጠየቅሁት። ጥያቄዬ ገረመውና «ይህ እኮ ፋርስኛ ነው» አለኝ። መልሱ ትክክል ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ በአንድ ሕዝብ አፍ የኖረ ቃል የዚያ ሕዝብ ሆኗልና። ነገር ግን እንዴት እንደደረሰ ማወቅ ፈለግሁና ማንበብ ጀመርሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ የጀመረውም ከገበያ ነው። «ሜርክስ» የሚለው የላቲን ቃል ለሽያጭ የቀረበ ዕቃን ያመለክት ነበር፤ ከእርሱ ጋር የሚዛመደው «ሜርኬስ» ደግሞ ደመወዝ፣ የድካም ዋጋ ማለት ነው። ከዚሁ ቤተሰብ ገበያ ማለት የሆነው «ሜርካቱስ» ተገኘ፤ ጣሊያኖች «መርካቶ» አሉት፤ አዲስ አበባም በወረራው ዘመን ይህን ስም ለትልቁ ገበያዋ ተቀብላ እስከ ዛሬ ትጠራበታለች። ስለዚህ የቴህራኑ «ሜርሲ» እና የእኛው መርካቶ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ይህን ሳውቅ የተሰማኝ ደስታ ቀላል አልነበረም።

የደመወዝ ስም የምስጋና ቃል እስኪሆን ግን ረጅም መንገድ ሄዷል፤ የመጀመሪያዋ መታጠፊያም ቤተ ክርስቲያን ናት። በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5፣ ለሚሰደዱት የተገባላቸው የሰማይ ብድራት የተጠራው በዚሁ «ሜርኬስ» በሚለው ቃል ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍም «ዋጋችሁ በሰማያት ታላቅ ነውና» ሲል ያንኑ የገበያ ቃል ይጠቀማል። ብድር ሊመልስ የማይችለውን ድሃ የረዳ ሰው ዋጋውን ከእግዚአብሔር ያገኛል የሚለው ትምህርት እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ቃሉ ከሰማያዊው ዋጋ አልፎ ዋጋ ወደሚያስገኘው ቸርነት፣ ከዚያም ወደ ምሕረት ተሸጋገረ። በ880 ገደማ እንደተጻፈ የሚታመነውና በፈረንሳይኛ ከተጻፉ ግጥሞች ቀዳሚ ተደርጎ የሚቆጠረው፣ ስለ ሰማዕቷ ኡላሊያ የሚናገረው መዝሙር የሚያበቃው ክርስቶስ «ሜርሲት» እንዲያደርግልን በመለመን ነው። በዚያ ስፍራ ቃሉ ምሕረት እንጂ ምስጋና አይደለም።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ተለያዩ። ኖርማኖች እንግሊዝን በ1066 ከያዙ በኋላ ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ገብቶ እስከ ዛሬ የምሕረት ትርጉሙን ጠብቋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ምሕረት የምትባል ልጅ ጓደኞቿ «ሜርሲ» ሲሏት የምንሰማውም ከዚሁ ከእንግሊዝኛው ወገን የመጣውን ነው። በስፔን የምሕረቷ እመቤት፣ እኛ ኪዳነ ምሕረት እንደምንላት ሁሉ፣ «ማሪያ ደ ላስ መርሴዴስ» ትባላለች፤ ሴቶች ልጆችም በስሟ ይጠራሉ። ኤሚል ዬሊኔክ የተባለው ነጋዴ መርሴዴስ ብሎ የጠራት ልጁ ስም በ1902 የዳይምለር መኪና የንግድ ምልክት ሆኖ ተመዘገበ። በፈረንሳይ ግን ሰው ቸርነት ሲደረግለት ቸርነቱን በስሙ እየጠራ፣ «ታላቅ ቸርነት!» እንደማለት «ግራን ሜርሲ» ይል ነበር፤ አባባሉ እየተለመደ ሲመጣ የምሕረት ትርጉሙ በጥቂት የቆዩ ሐረጎች ብቻ ቀረና ምስጋናው ቦታውን ያዘ። «ዲዩ ሜርሲ» የሚለው ሐረግ ዛሬ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚባልበት ቦታ ላይ ቢውልም ጥንት «በእግዚአብሔር ቸርነት» ማለት ነበር። እንግዲህ ቃሉ ከአገሩ ሲወጣ ከእግዚአብሔር ጋር የነበረውን ውል ጨርሶ፣ ቀላልና ለማንም የሚሰጥ ሆኖ ነው የወጣው። ይህን ነጥብ አጥብቄ እይዘዋለሁ፤ በኋላ ያስፈልገናልና።

ወደ ፋርስ የገባው በትምህርት ቤት በር ነው። አሚር ካቢር የተባለው የናስር አልዲን ሻህ ጠቅላይ ሚኒስትር ያቋቋመው ዳር አልፉኑን የተባለ ተቋም በ1851 ቴህራን ውስጥ ተከፈተ፤ አሚር ካቢር ራሱ ግን ሥራው ፍሬ ሲያፈራ ሳያይ ከሥልጣን ተሽሮ በ1852 መጀመሪያ ተገደለ። የመጀመሪያዎቹ መምህራን በብዛት ከኦስትሪያ የመጡ ቢሆኑም የዘመናዊው ትምህርት ዋና የውጭ ቋንቋ የሆነው ፈረንሳይኛ ነበር። ፋርሶች በዚያ ዘመን ከሰሜን ሩሲያ፣ ከደቡብ ደግሞ እንግሊዝ ተጭነዋቸው ስለነበር፣ ድንበራቸውን የማይነካው የፈረንሳይ ቋንቋ ለመኳንንቱም ለለውጥ ፈላጊዎቹም የማያሰጋ በር ሆኖ ታያቸው። ሻህ በ1873፣ በ1878 እና በ1889 አውሮፓን ጎበኘ። የካቶሊክ መነኮሳት ትምህርት ቤቶችም የከተማውን ወንዶችና ሴቶች ልጆች አስተማሩ። አሳንሶር (ሊፍት)፣ ካዶ (ስጦታ)፣ ማንቶ (ካፖርት)፣ ዱሽ (ሻወር) የሚባሉት ቃላት ከዕቃው ጋር ገቡ። «ሜርሲ» ግን የገባው ከወጉ ጋር፣ ከአዲሱ የከተማ ሰው አነጋገር ጋር ነው።

በ1935 የተቋቋመው የኢራን የቋንቋ አካዳሚ የውጭ ቃላትን በፋርስኛ ለመተካት ብዙ ደከመ፤ ለዩኒቨርሲቲ «ዳኔሽጋህ» የሚለው ቃል ከዚያ ዘመን ሥራ የተረፈና የጸና ነው። «ሜርሲ» ግን ከዚያ በኋላም አለ፤ ከ1979ኙ አብዮት በኋላም አለ። የቢሮ ስምና የሙያ ቃል በአዋጅ ይለወጣል፤ ልጅ ለእናቱ የሚለውን ቃል ግን የትኛውም ጉባኤ ተሰብስቦ ሊለውጠው እንደማይችል ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም።

በኦቶማኖች አገርም መንገዱ ተመሳሳይ ነበር። የተሐድሶው ዘመን በ1839 ከታወጀ በኋላ ፈረንሳይኛ የዲፕሎማሲና የአዲሱ ሕግ ቋንቋ ሆነ፤ በ1868 ኢስታንቡል ውስጥ የተከፈተው የጋላታሳራይ ሊሴ ሙስሊሙን፣ ግሪኩን፣ አርመኑን፣ ቡልጋሩንና አይሁዱን በአንድ ክፍል አስቀምጦ በፈረንሳይኛ አስተማረ። በ1860 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው የአይሁድ ማኅበርም በሜዲትራኒያን ዙሪያ ትምህርት ቤቶች ከፈተ፤ ከስፔን ተባርረው በኦቶማን ምድር የኖሩት አይሁድ በላዲኖ ቋንቋቸው «ሜርሲ ሙንቾ» ማለትን የለመዱት በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ዘመን ነው። የፈረንሳይኛው ምስጋና «ብዙ» ማለት ከሆነው ከጥንቱ የስፔን «ሙንቾ» ጋር ተጋጥሞ አንድ ሲሆን ማየት የስደትን ታሪክ በሁለት ቃል እንደማንበብ ነው። ሩማንያውያን ደግሞ ልጆቻቸውን ወደ ፓሪስ ይልኩ ስለነበር ቃሉን በቀጥታ ከምንጩ አመጡት። ስዊዘርላንድና ሉክሰምበርግ ጎረቤት ስለሆኑ ብዙ ማብራሪያ አይሹም፤ የበርን ሰው «ሜርሲ ፊልማል» ሲል ግማሹ ፈረንሳይኛ፣ ግማሹ ጀርመንኛ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ልቀላቅለው የማልፈልገው ሌላ መንገድ አለ። የሄይቲ ሰው «ሜሲ አንፒል» ሲል ቃሉ በሳሎንና በሊሴ በኩል አልደረሰውም። ከአፍሪካ በመርከብ ተግዘው በሸንኮራ እርሻ ላይ የተጣሉ ሰዎች፣ ቋንቋቸው ተነጥቆ፣ ከጌቶቻቸው ቋንቋ ስብርባሪ የራሳቸውን ቋንቋ ሠሩ፤ ያንንም ቋንቋ ይዘው ተዋግተው ጥር 1 ቀን 1804 ነጻነታቸውን አወጁ። በእነርሱ አፍ ያለው «ሜሲ» ብድር አይደለም፤ የገዛ ቋንቋቸው ቃል ነው፤ የተከፈለበት ዋጋም ከቴህራኑ ጋር አይነጻጸርም። የቃላትን ጉዞ የሚያትቱ ጽሑፎች ሁለቱን መንገዶች በአንድ ካርታ ላይ በአንድ ቀለም ሲቀቡ ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። በብዛት የሚሰጠው መልስ «ሜርሲ አጭር ስለሆነ ነው» የሚል ነው። አርመኖች «ሽኖርሃካሉትዩን» ብለው ከሚደክሙ ሜርሲ ብለው ይገላገላሉ፤ ቱርኮች «ተሼኩር ኤዴሪም»፣ ቡልጋሮች «ብላጎዳርያ» ማለት ይረዝምባቸዋል ይባላል። መልሱ ጥቂት እውነት አለው፤ ግን አያጠግበኝም። ቱርክኛ «ሳ ኦል» የሚል ከሜርሲ የማይረዝም የራሱ ምስጋና አለው፤ ይህም ሆኖ ሜርሲ ገብቷል። ደግሞስ የምክንያቱ ቁልፍ ርዝመት ቢሆን ኖሮ ከማንም በፊት መዋስ የነበረብን እኛ፣ «አመሰግናለሁ» የምንለው ነበርን።

ይልቅ የእነዚህን ሕዝቦች የራሳቸውን ምስጋና ቀረብ ብለን ብናይ ሌላ ነገር ይታያል። የቱርኩ «ሳ ኦል» ጤና ሁን፣ በሕይወት ኑር ማለት ነው። የሩማንያው «ሙልጹሜስክ» «ለብዙ ዓመታት ያኑርህ» ከሚለው ምርቃት የወጣ ነው። በአርመንኛው ቃል ውስጥ ያለው «ሽኖርህ» ጸጋ ነው። ፋርሱ ለደከመለት ሰው «እጅህን አይመምህ» ይለዋል፤ ይህም እናቶቻችን ምግብ ላቀረበች ሴት «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ከሚሉት ጋር የአንድ እናት ልጅ ይመስላል። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ምስጋና አላጡም፤ የነበራቸው ምስጋና ምርቃት ነበር፤ ምርቃት ደግሞ የሚመርቀውንና የሚመረቀውን፣ ታላቅና ታናሽን፣ ወንድና ሴትን፣ ከሁሉም በላይ እግዚአብሔርን ወደ መካከል ያመጣል። ከተማ ሲያድግ፣ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር በቀን ብዙ ጊዜ መገበያየት ሲጀምር፣ ማንነትን የማይጠይቅ፣ ዕድሜና ማዕረግን የማይለካ ቀላል ምስጋና አስፈለገው። ከገበያ የተነሣው ቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ምሕረትን ተሸክሞ ከወጣና ሸክሙን ካራገፈ በኋላ፣ በሌሎች አገሮች ገበያ ላይ ይህንን ክፍት ቦታ አገኘ። እኔ የማምነው ይህንን ነው።

እንግዲያው ወደ እኛ ለምን አልገባም? ፈረንሳይኛ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ወደ ቴህራን በመጣበት መንገድ ነበርና ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጅ ተፈሪ ፈረንሳይኛ የተማሩት ሐረር ሳሉ ነው፤ ከመምህሮቻቸውም አንዱ የጓዴሉፕ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ዮሴፍ ቪታሊየን ነበር። በ1908 በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ይሰጥ ነበር፤ በ1925 በተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ደግሞ ዋነኛ ቦታ ነበረው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ለገሃር፣ ቢሮ፣ ሹፌር፣ ሌሴ ፓሴ፣ ኤታ ማዦር የምንላቸው ቃላት የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። ዕቃው፣ መሥሪያ ቤቱና ሹመቱ ስማቸውን ይዘው ገብተዋል፤ ወጉ ግን አልገባም።

አንደኛው ምክንያት የሚያሳዝን ነው። ወግ የሚተላለፈው በሰው ነው፤ ፈረንሳይኛ የተማረው የኢትዮጵያ ወጣት ደግሞ ቁጥሩ ጥቂት ነበር፤ ያም ጥቂቱ ወደ ቤቱና ወደ ልጆቹ ሳያስተላልፈው ፋሽስት ኢጣሊያ መጣ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ የተማሩት ተለይተው እየታደኑ ተገደሉ። ከነጻነት በኋላ በ1941 የተደራጀው ትምህርት ፊቱን ወደ እንግሊዝኛ መለሰ፤ በ1947 የተከፈተው ሊሴ ገብረ ማርያም የፈረንሳይኛን መብራት ቢያቆይም የአገሩ ትምህርት ቤት ሁሉ ቋንቋ ሊሆን አልቻለም። የቴህራን ሦስትና አራት ትውልድ ያገኘውን ጊዜ የእኛ አንድ ትውልድ እንኳ አላገኘውም።

ሁለተኛውን ምክንያት የሚያሳየን «ቻው» ነው። ይህ የጣሊያን የስንብት ቃል ዛሬ ከልጅ እስከ አዋቂ በሁሉም አፍ አለ። የቆየው የትምህርት ቤት ቋንቋ ያላደረገውን የጋራዡ፣ የቡና ቤቱና የመንገዱ ቋንቋ አደረገው። ነገር ግን ከዚያው ቋንቋ «ግራትሲየ» የሚለው ምስጋና አልተከተለም። ስንብቱን ተቀብለን ምስጋናውን ትተናል፤ በአጋጣሚ ነው ብዬ ለማለፍ ይከብደኛል። «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ሰው ብድሩን መክፈል የማይችል መሆኑን አምኖ ከፋዩን ይጠራል፤ የተባለውም ሰው «አብሮ ይስጠን» ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ ያደርጋቸዋል። ላቲኖቹ «ዋጋችሁ በሰማያት» ብለው የጀመሩትና ፈረንሳዮች በመንገድ ላይ የጣሉት አሳብ በእኛ ምስጋና ውስጥ ሙሉውን አለ። በዚህ ላይ ሜርሲ የሚጨምረው ነገር አልነበረም።

ዛሬ ቃሉን ከማንም ኢትዮጵያዊ ይልቅ አዘውትረው የሚሰሙት በሊባኖስ ቤቶች የሚሠሩ እኅቶቻችን ይመስሉኛል። ፈረንሳይ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሊባኖስን በሞግዚትነት ይዛ እስከ 1943 ቆይታለች፤ ትምህርት ቤቶቿ ከዚያ ቀድመው የገቡ፣ ከዚያም በኋላ የዘለቁ ናቸው፤ ስለዚህ በቤይሩት «ሜርሲ ክቲር» የዕለት ተዕለት ቃል ነው። በሰኔ ወር 2020 የአገሪቱ ገንዘብ ሲወድቅ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የወራት ደመወዛቸው ሳይከፈላቸው በአሠሪዎቻቸው መኪና ተጭነው መጥተው ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ተጥለው ነበር፤ ሻንጣቸውን ተንተርሰው አስፋልት ላይ ሲያድሩ ዓለም ሁሉ አይቷል። «ሜርኬስ» የላቲን ጥንተ ትርጉሙ ደመወዝ መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ ያንን ቃልና እነዚያን ሴቶች ለያይቼ ማሰብ አልቻልሁም። የድካም ዋጋ ማለት የነበረውን ቃል በየቀኑ እየሰሙ ዋጋቸውን የተነፈጉ ሰዎች ናቸውና።

አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቱ «ታንክስ» ይላል። በትምህርት ቤትም በስልክ መስኮትም የመጣ የእንግሊዝኛ ምስጋና ነው፤ ሜርሲ ያልገባበትን በር እርሱ ከፍቶታል። ከላይ የሰጠሁት ምክንያት እውነት ከሆነ መምጣቱ አይገርምም፤ ከተማችን ቴህራን ያኔ የሆነችውን እየሆነች፣ የማይተዋወቁ ሰዎች በየሰዓቱ የሚገናኙባት ቦታ እየሆነች ነው። የሚያሳስበኝ መልሱ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ሲባል «አብሮ ይስጠን» ይከተላል፤ ለ«ታንክስ» ግን በአማርኛ መልስ የለውም፤ የተባለው ሰው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ልጆቻችን ምስጋናውን ብቻ ሳይሆን መልሱን፣ ያንን «አብሮ» የሚለውን፣ እንዳይረሱት እፈራለሁ።

ያንን የቴህራን ሰው ስለዚህ ጉዳይ ጠይቄው ነበር። «ሜርሲ» ከመቶ ዓመት በላይ ከኖረ በኋላ «እጅህን አይመምህ» የሚለው የአባቶቹ ምስጋና ጠፍቶ እንደሆነ ስጠይቀው፣ ሁለቱም አሉ አለኝ፤ ሜርሲ ለታክሲው፣ ለሱቁ፣ ለስልኩ ነው፤ ከልብ የደከመልህን ሰው ግን «እጅህን አይመምህ» ትለዋለህ፤ እርሱም «ራስህን አይመምህ» ብሎ ይመልስልሃል። እናቱም ብትሆን ስልኩ ላይ ሜርሲ ብትባልም፣ ቤት ሄዶ የሠራችውን ከበላ በኋላ ያንን ቃል ብቻ ብሏት ቢነሣ እንደምትቀየመው ነገረኝ።